ባባ ስሙን ያልጠሩት ቅጠል

ይሄ ነገር የደረሰብኝ አምና ሚያዝያ ላይ ነው። ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ግን ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ውጭ አገር፣ ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ የምኖር ኬርጊቨር፣ አዛውንት ተንከባካቢ ነኝ። የምሠራው እዚያው አጠገብ ሬንተን ነው፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው አንድ ህንዳዊ አባት ዘንድ። ልጃቸው ሱኒል አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነው። ሚስቱም ትሠራለች። ሶ ቀኑን ሙሉ ቤት የምንውለው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ቤተሰቡ «ባባ» ይላቸዋል፣ አባት ማለት ነው፤ እኔም ባባ አልኳቸው።

ዱባይ ስድስት ዓመት ህንዶች ቤት ተቀጥሬ ስለሠራሁ ሂንዲ እችላለሁ። የኩሽና ሂንዲ ነው ታዲያ፣ ሰዋስው የለው ምን የለው። ባባም ሂንዲ የእናት ቋንቋቸው አይደለምና እንደኔው ይንተባተባሉ። ሁለታችንም እየተንተባተብን ደህና እንግባባለን።

ባባ የከተማ ሰው አይደሉም። ህንድ ውስጥ ጫካ ዳር ከሚኖሩት ነባር ጎሳዎች ናቸው፤ አዲቫሲ ይሏቸዋል። በመንደራቸው መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ለእባብ ንክሻ፣ ለወፍ በሽታ፣ ለተሰበረ አጥንት ሰው ከየመንደሩ ይመጣባቸው ነበር። ቅጠል ከመቁረጣቸው በፊት ተክሉን ያናግሩታል፣ ሥሩም ላይ ጥቂት ፍሬ ሩዝ ጣል ያደርጉለታል። «ለምኜ ነው የምወስደው፣ ሰርቄ አይደለም» ይላሉ። ሱኒል ይሄን ሲያይ ያፍራል። «ባባ ፕሊስ፣ ጎረቤት ያያል» ይላቸዋል።

በዚያ ሳምንት የጉልበታቸው ሕመም ብሶባቸው ነበር። ከአፓርታማው ጀርባ ባለው ትሬል፣ በጫካው የእግር መንገድ፣ ቀስ እያልን ስንሄድ ድንገት ቆሙና «እዚህ ጠብቂኝ» ብለውኝ ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። ሲመለሱ ኪሳቸው ሞልቷል፣ ፊታቸው በርቷል። «እዚህም አለ!» አሉኝ። ምን እንዳለ አልጠየቅኳቸውም። ደስ ብሏቸው ሳይ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት «ውሃ አፍይልኝ» አሉኝ። አፈላሁ። ቅጠሉን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ፣ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፣ ፊቴን አዞርኩ።

ያደግኩት ቡታጅራ አካባቢ ነው። አባቴም መድኃኒት አዋቂ ነበር። እሱ ሲቀምም ማንም አያይም፤ ከታየ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዞር ነው የኖርኩት። እዚህ አገር ግን የምንከባከበው ሰው የሚውጠውን ነገር ሁሉ ተከታተይ ተብዬ ሰልጥኛለሁ፣ ፈርሜያለሁም። አንገቴ ግን አልሰለጠነም መሰለኝ፣ ሳላስበው ዞረ።

ጠጡት። እኔም ኩባያውን አጠብኩ፣ ዝቃጩን ሲንክ ውስጥ ደፍቼ የትርፍራፊ መፍጫውን ማሽን ከፈትኩበት። ጎበዝ ሠራተኛ አይደለሁ!

ጥቂት ቆይቶ አስመለሳቸው። ላብ አጠመቃቸው። «ግድግዳው ቢጫ ሆነብኝ» አሉ። የእጃቸውን ትርታ ብይዝ አንዴ ይመታል፣ ይቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ ይመታል። ያ አላህ! ለአምቡላንስ ዘጠኝ አንድ አንድ ኮል አደረግኩ፣ ከዚያ ለሱኒል ደወልኩ።

ኢመርጀንሲ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፣ ድምጿም ረጋ ያለ ነው።

«ምንድን ነው የጠጡት?» አለችኝ።

«ቅጠል።»

«ምን ዓይነት ቅጠል?»

«አላየሁም።»

«አብረሻቸው አልነበርሽም?»

«ነበርኩ። ፊቴን አዙሬ ነበር።»

«ለምን?»

እሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርዙ ከታወቀ ማርከሻ ሊኖረው እንደሚችል፣ በግምት መስጠት ግን እንደሚከብድ አስረዳችን።

ባባ ነቅተው ተኝተዋል፣ ሁሉንም ይሰማሉ። ሱኒል በሂንዲ ለመናቸው። ሲያቅተው በእንግሊዝኛ ጮኸባቸው። «መድኃኒት አይነገርም» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል አገራችን፤ ባባ ግን በሽታውን አልደበቁም፣ የደበቁት መድኃኒቱን ነው። እንዲህ ላለው ተረትም አልተተረተ።

ሱኒልን ኮሪደር ላይ ሳብ አደረግኩት። የት ያገኘሁት ድፍረት እንደሆነ እንጃ።

«እንደ ዶክተር እየጠየቅካቸው እኮ ነው» አልኩት። «እንደዚህ ከጠየቅካቸው ቢሞቱም አይነግሩህም። አባቴ እንደሳቸው ነበር፣ አውቃለሁ። ልማር ብሎ ለመጣ ብቻ ነው የሚነገረው። የኔ አባት የሚያውቀውን ሁሉ ይዞት ተቀበረ። አምስት ልጆች ነበርን፣ አንዳችንም አልጠየቅነውም።»

ሱኒል አፍጥጦ አየኝ። «ልማር? እዚህ? አሁን?»

«አሁን።»

«ዋሻቸው ነው የምትይኝ?»

«አልወጣኝም። ልማር ብለህ ከጠየቅክ የእውነት ትማራለህ፣ መመለሻ የለውም።»

ሱኒል ተመልሶ ገባና ጫማውን አወለቀ። አንዲት ነርስ መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች። እሱ የአባቱን እግር በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስነካ፣ ዝቅ ባለ ድምፅም ተናገረ። ሂንዲ አይደለም፣ የጎሳቸው ቋንቋ ነው። ሱኒል ያንን ቋንቋ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ባባ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩትና ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

እኔማ ምን ይደረጋል፣ አሁንም ዞርኩ።

ሱኒል እየሮጠ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቅጠሉን በፕላስቲክ ይዞ መጣ። ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ጸጉር ያለው፣ እኔም በዚያው መንገድ ስሄድ ስንቴ ያለፍኩት ቅጠል ነው። በጋ ላይ ደወል የሚመስል ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ያኔ ግን ገና አላበበም። ልብ የሚያዘገይ መርዝ አለው አለች ሐኪሟ። ማርከሻውን ሰጧቸው። ከሰዓት በኋላ ልባቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ!

ለሥራ ኃላፊዬ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳት። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ ለአንድ ሳምንትም ከሥራ ታገድኩ። ይገባኛል። ዳግመኛ አይፈልጉኝም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ሱኒል ራሱ ደውሎ «ባባ የት ሄደች እያሉ ነው» አለኝ።

ስመለስ ባባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ትንሽ ከስተዋል። እንባዬ መጣ፣ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ያጠፋው ዓይኔ ነው» አሉ። «አገሬ ያለውን ቅጠል መሰለኝ። ይሄ ጫካ አያውቀኝም፣ እኔም አላውቀውም። ዘመድ መስሎኝ የሰው ሰው ሳምኩ።»

ይሄን እያወራን ሱኒል የመኪና ቁልፉን ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ሥራ ረፍዶበታል። ባባ ጠሩት፤ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ በሂንዲ ተናገሩ።

«ሆስፒታል የነገርኩህ ስህተቴን ነው። ሐኪሟም ሰማች፣ ሁሉም ሰማ፣ ግዴለም። መድኃኒቱን ግን ገና አልነገርኩህም።»

ሱኒል በሩ ጋ ቆመ።

«ያን ቀን ልማር ያልከኝ ፈርተህ ነው» አሉት። «አሁን ደህና ነኝ። አሁንም ትፈልጋለህ?»

ሱኒል አንዴ ስልኩን፣ አንዴ አባቱን አየ። ከዚያ ሥራ ቦታው ደውሎ «ዛሬ አልገባም» አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀና አባቱ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

የልብስ ቅርጫቱን ብድግ አድርጌ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የሚታጠብ ብዙ ልብስ አልነበረም። ታች ማጠቢያው ክፍል ተቀምጬ የማሽኑን መሽከርከር እያየሁ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ባባ በመዳናቸው የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እያደር ግን ለራሴም እንደነበር ገባኝ።

አሁን ሱኒል ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ አይዝም። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ አባቱን ይዞ መንደራቸው ሊሄድ ፈቃድ ጠይቋል፤ ባባ «ተክሉ ፊት ሳትቆም የሰማኸው ከንቱ ነው» ብለውታል አሉ። እስካሁን ስንት እንደነገሩት አልጠየቅኩም፣ የኔም ጉዳይ አይደለም። አባትና ልጅ አንገት ለአንገት ገጥመው ሲያወሩ ሳይ ግን በጣም ደስ ይለኛል። ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ እቀናለሁ።