ኮሜዲ ለማየት ነጠላ ዘቅዝቀው

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን አሜሪካ፣ ሪችመንድ ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ማታ ማታ ኦክላንድ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ የጥንት ግሪኮችን ኮሜዲ እለማመዳለሁ። ተዋናይነት ተምሬ አይደለም። ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፣ አሮጊት አደረጉኝ። በለስ ሰርቃ ቀሚሷ ውስጥ የደበቀች አሮጊት ነኝ፤ "አልሰረቅኩም" ብዬ በአማልክቱ ስም በማልኩ ቁጥር አንድ በለስ ከሥሬ ዱብ ይላል። ሥራዬ ይኸው ነው።

ከተዋናዮቹ መሀል አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ቤት ስገባ ደግሞ አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ "አልቃሽ ብትሆኚ እንኳ ሰው ይጠራሽ ነበር" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሦስት ሳምንት ለምኛቸው ነው "እሺ፣ ለመክፈቻው እመጣለሁ" ያሉኝ። በር ላይ አንድ ትኬት አስቀመጥኩላቸው።

በዚያ ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ታማ ነበር። ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር አልፏል፤ ስልክ ደግሞ ያን ጊዜ ውድ ስለነበር በዋዛ አይደወልም።

በመክፈቻው ምሽት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አክስቴ መጥተዋል፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም። አምስት ሆነው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው እኚያ ባለ ከዘራ ሽማግሌ አሉ፤ ኦክላንድ ውስጥ መርዶ ሲነገር እሳቸው ቀርተው አያውቁም።

የኛን ሰው ወግ አውቀዋለሁ። መርዶ ሊነግሩ ሲመጡ ተሰብስበው ነው፤ ሐዘንተኛው ሥራ ላይ ከሆነም ሥራውን እስኪጨርስ ይጠብቁታል። እኔን እየጠበቁኝ ነው አልኩ።

ባሌን ሆኖ የሚጫወተው ቦርጫም አሜሪካዊ በትከሻዬ ላይ አጮለቀ።

"አምስት ሰው! ሁሉም ያንቺ ናቸው? የኔ እናት እዚህ በርክሌይ ሆና እንኳ አልመጣችም።"

"የኔ ናቸው" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው?

ወጣሁ። ጭምብሌ እስከ አፍንጫዬ ነው። "አልሰረቅኩም!" ስል ድምፄ ተሰበረ፤ በለሷ ወደቀች፤ ሰው ሳቀ። እንባዬ ከጭምብሉ ሥር ወርዶ አገጬ ላይ ሲታይ ጭራሽ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል። እያለቀሱ መስሎኝ እንባዬ ባሰብኝ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ በለስ እየጣልኩ፣ እናቴን ብቻዬን ቀበርኳት።

እንዳለቀ ጭምብሌን ሳላወልቅ ወደ እነሱ ሄድኩ።

"ልጄ፣ አንዲት በለስ እንኳ አታስተርፊልንም?" አሉ ሽማግሌው።

"በቃ ንገሩኝ" አልኩ።

"ምኑን?"

"እናቴ መቼ ነው ያረፈችው?"

አክስቴ ደረታቸውን ደቁ። "በስመ አብ! ምን ትላለች ይቺ! ሳን ሆዜ ለቅሶ ደርሰን እኮ ነው። ልብስ ልቀይር ብል ሊያልፈኝ ሆነ። መኪናው ደግሞ የእኚህ አባት ነው፤ እንዳለን ጭነውን መጡ።"

"እኛማ በሳቅ ልንሞት ነበር፤ ለቅሶ ውለን መሳቁ አሳፍሮን አፋችንን ያዝን" አለች አንዷ ሴትዮ።

"ታዲያ እናቴ ደህና ናት?"

አክስቴ ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ። ለካ እሳቸውም ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ነገር የለም። እስከ ቤት ድረስ መኪናው ውስጥ ማንም አልቀለደም።

እንደገባን አክስቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ስልኩን አነሱ። አገር ቤት ነግቷል። የአዲስ አበባ ጎረቤታችንን ቁጥር ለኦፕሬተሯ ነግረው፣ መስመር እስኪገኝ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዙ ጠበቁ። ጎረቤቶቹም እናቴን ደግፈው አምጥተው ስልኩን ሰጧት። አክስቴ ድምጿን እንደሰሙ ስልኩን ለኔ አቀበሉኝና መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።