የጋዙ ደላላ

ከሚሴ ውስጥ ያንን የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ የማያውቅ የለም። ባለቤቱ ጋዝ ከሚቆፈርበት በረሃ ነው የመጣሁት ይላል። ሰደርያው ላይ ግን የዘይት ጠብታ ቀርቶ አቧራ እንኳ አይቼበት አላውቅም። ቅባት ያለው ከንፈሩ ላይ ነው፤ እሱም የበግ ስብ ነው።

ለሥራ የሚልካቸውን ልጆች ቤት እየዞረ የመሸኛ ዱዓ ያስደርጋል። በግ ይታረዳል። እሱ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠ ይበላል፤ ከዚያ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ያወራል። "ቱቦ መሸከም ነው፤ ትምህርት አይጠይቅም፣ ቶሌ? እሺ?" በፊት የሄዱት ልጆች ለምን ስልክ እንደማያነሱ ሲጠየቅ፣ "በረሃ ላይ ኔትወርክ የት አለ?" ብሎ ያገሳል።

ትናንት እነሚስራ ግቢ እጃችንን ዘርግተን ተቀምጠናል። እሱ ይመርቃል፣ እኛ አሚን እንላለን። ሚስራ የምትሸኘው ያላትን አንድ ወንድ ልጅ ነው። ምርቃቱን መሐል ላይ አቋረጠችው።

"የአንቱስ ልጅ እዚያው ነው የሚሠራው?"

ሰውዬው እሳት እንደነካው ሰው ደነገጠ።

"የኔ ልጅ? ከዚያ ቦታስ አላህ ይጠብቀው!"

እጃችን እንደተዘረጋ ነበርና ግቢው ሙሉ ሰው፣ እኔም፣ ሚስራም ጭምር፣ አፋችን እንደለመደው "አሚን!" አልን።