የበሩ ስንኝ

ወያን ራጂግ የሩዝ ወፍጮ ባለሙያ ነው። የወፍጮው ጩኸት ጆሮው ውስጥ ስለሚቀር ከሰው ጋር ሲያወራ ይጮኻል፤ ሚስቱ ለጎረቤት «አልተጣላንም» እያለች ታስረዳለች። በቤተ መቅደሱ ዓመታዊ በዓል ቀን ግን ታጥቦ፣ ነጭ ሻሽ ራሱ ላይ አስሮ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ድምፁም ይለዝባል። የመንደሩ ታሪክ የሚነበበው ያን ቀን ነው።

መጽሐፉ በዘንባባ ቅጠል ላይ በስለት የተጫረ ነው። ቋንቋው የጥንቱ ካዊ ስለሆነ ከሰሚው አብዛኛው አያውቀውም። ስለዚህ ንባቡ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ክቱት ሪንተን ስንኙን ታዜማለች፤ እሷ ዝም ስትል ራጂግ በደሴቱ የዛሬ ቋንቋ በባሊኛ ይፈታዋል። ፍቺው ከተሳሳተ ማንም አያርመውም፣ ስንኙ ብቻ ይደገማል። ሪንተን አብረው ባነበቡበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ደግማበት አታውቅም፤ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አልተማረችም። ከአባቶቿ በወረሰችው ሙያ ቅርጫት ሠርታ የምትሸጥ ሴት ናት። ድምፅዋ ሲነሳ ግን ከብዙ ዘመን በፊት የሞቱ ሰዎች ከቅጠሉ ላይ ብድግ የሚሉ ይመስላል።

በመጽሐፉ መካከል፣ መንደሩ በጠላት ተከቦ ሳለ፣ በሩን የከፈተ ሰው አለ። ስሙ ዱላንግ ነው፤ የሪንተን ቅድመ አያት፤ ስሙ በካዊ ቃላት መካከል በዜማ ስለሚሳብ ግን ካዊ የማያውቅ ሰው አይለየውም። ራጂግ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ «በሩን አንድ ሰው ከፈተው» ብሎ ያልፋል። ካወቀች ቅጠሉን ዳግመኛ አትነካውም ብሎ ይፈራል። ያለ እሷ ድምፅ ደግሞ እሱ ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ብቻ ነው።

ዘንድሮ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ሪንተን ሩዝ ልታስፈጭ መጣች።

«ብሊ» አለችው፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ካዊ መማር ጀመርኩ።»

ወፍጮውን አጠፋ። «ምን አልሽ?»

«ከወንዙ ማዶ ካሉት ጡረተኛ መምህር ዘንድ። አንተን ሁለቴ ለመንኩህ፣ ‹ድምፅሽ ይበቃል› አልከኝ።»

«ይበቃል እኮ፣ ቱት» አላት፤ ክቱትን ሲያቆላምጥ ነው። «የት ደረስሽ?»

«ገና ነኝ» አለችና ሩዟን ተሸክማ ሄደች።

የበዓሉ ቀን ሰዉ በኮኮናት የታሸውን የአሳማ ሥጋ በልቶ አዳራሹ ውስጥ ተደላደለ። ሪንተን የበሩን ስንኝ አዜመች።

«በሩን አንድ ሰው ከፈተው» አለ ራጂግ።

ሪንተን ስንኙን ደገመችው።

«ወፍጮው ጆሮውን በልቶታል» አለ ከበሮ መቺው ኔንጋ። «ጠጋ ብለሽ ንገሪው።»

ሰዉ ሳቀ። ራጂግ ቀና ብሎ ተመለከታት፤ እሷ ቅጠሉን እያየች ነው።

«ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ከፈተው» አለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችው፤ አሁን በጣም በዝግታ።

«ዱላንግ» አለ ራጂግ። «ቅርጫት ሠሪው ዱላንግ ከፈተው።»

ሳቁ ቆመ። ዱላንግ የማን ቅድመ አያት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሪንተን ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፈች። ራጂግ እስከ ዛሬ የሚያድበሰብሰው ስንኝ ነበር፤ ስሙን ከዘለለ በኋላ ይህን ያደረገው እገሌ ነው የሚለው ሰው አልነበረውም።

«ጉድጓዱ ከደረቀ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር» ሲል ፈታው።

አዜመች።

«ሕፃናቱን በቅርጫት ተሸክሞ አወጣቸው። አርባ አንድ ነበሩ።»

አዜመች።

«ከዚያ ተመልሶ በሩ ሥር ተቀመጠ። የገዛ ወገኖቹ መጥተው ገደሉት።»

ቃሎቹን ለዓመታት ያውቃቸዋል፤ ከአፉ ሲወጡ ግን እንደ ማንኛውም ሰሚ ገረመው። ወፍጮ ቤት እንዳለ ሰው ይጮህ እንደነበር ለራሱ የታወቀው ፍቺውን ሲጨርስ ነው።

«የኔም ቅድመ አያት ከነዚያ አንዱ ይሆናል» አለ ኔንጋ፣ ለራሱ ያህል።

«ዝም በል፣ ይቀጥሉበት» አሉት ከኋላው ያሉ አሮጊት።

ሪንተን ቅጠሉን ስትገለብጥ ራጂግ ጎንበስ አለላት። «መቼ አወቅሽ?»

«ባለፈው ወር።»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ ቱት።»

«እሱ ተሸክሞ ያወጣቸውን አንተ በየዓመቱ ጣልካቸው።»

«ተቆጣሽ?»

«በጣም። አሁን ፍታ፣ ብሊ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

የሚቀጥለውን ስንኝ አነሳች። ራጂግ እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳይዘል ፈታው።