ዐሥራ አንድ ወለተ ማርያም

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ በአራተኛው ዓመት፣ እዚሁ መቐለ ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን እጄን በታጠብሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለምን በታጠብሁ ቁጥር እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ እኔ ከልጆቻቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀ ሁ እል ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደልን እንደ ቀላል ነገር አያይም። አንድ ቃል ተሳስቼ ያነበብሁ ዕለት እህል አይወርድልኝም። ከሰው ጋር ብዙ አልጫወትም፤ የምታወራው ከወረቀት ጋር ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሰፈራችን ተስቦ ገብቶ ነበር። ሰው ሰውን ፈራ። የታመመ ቤት ደጃፍ ላይ ውኃ አስቀምጦ የሚሮጥ እንጂ የሚገባ ጠፋ። የሞተውን አራት ሰዎች በጥድፊያ ተሸክመው ይወስዱታል፤ ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ሠልስት የለ። ዝናቡ ሲያባራ ተስቦውም አባራ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ክረምት የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ታምሜ የዳንሁ ነኝ። የዳንሁት ለምን እንደሆነ ሳስብ፣ ይህን ነገር ልጽፈው ይገባል አልሁ። ሕመሙ እንዴት እንደገባ፣ ሰው ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠቀመና ምን እንደጎዳ፤ በመጨረሻም የሞቱት ሰዎች ስም። ያልተለቀሰላቸው ቢያንስ ይጻፉ ብዬ ነው።

ጣሊያኖች መጋዘናቸውን ጥለው ሲሄዱ የቀረ አንድ ትልቅ መዝገብ ነበረኝ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ በየገጹ ራስ ላይ በራሳቸው ቋንቋ የታተመ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ዐምዶች። በአንደኛው ዐምድ የቤት ስም፣ በሁለተኛው የክርስትና ስም እያልሁ ቤት ለቤት ዞርሁ። የምጽፍበት እርሳስ ምላስ ሲነካው ሐምራዊ ቀለም የሚሰጠው ዓይነት ነበር። እየላስሁ ስለምጽፍ ከንፈሬም ምላሴም ሐምራዊ ሆኖ ይውላል።

«ይቺ ልጅ እኮ ቀለም ጠጥታ ነው የምትኖረው» ይሉኝ ነበር ሴቶቹ። «ባል ቢመጣ በምን ከንፈርሽ ልትስሚው ነው?»

ከነዚያ ሁሉ ቤቶች የማልረሳው የአደይ አብረኸትን ነው፤ አደይ በኛ እናቴ ማለት ነው። አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። ስሟን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ በቦታው እጽፈዋለሁ። ልጅቱ ስትሞት እሳቸውም በዚያው ሳምንት ራሳቸውን ስተው ነበር። ሲነቁ ተቀብራለች። መቃብሯን የሚያሳይ ሰው አልተገኘም፤ ከተሸከሟት ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ አገር ጥለው ሄደዋል።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ማንበብ አላውቅም። መጽሐፉ ሲመጣ ጣቴን ይዘሽ ስሟ ላይ ታኖሪልኛለሽ?»

«አኖርልዎታለሁ።»

«ማይልኝ።»

ማልሁላቸው።

መጽሐፉን ጨርሼ በመኪና ለአስመራ ማተሚያ ቤት ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። በጦርነቱ ምክንያት ወረቀት ስለ ጠፋ ከሠላሳ ሁለት ገጽ በላይ አንችልም፤ የስሙን ዝርዝር በግማሽ ቀንሺ ይላል።

የሠራሁት ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። አንድም ሰው ከዝርዝሩ ማውጣት አልፈለግሁም። ስለዚህ ከሁለቱ ስሞች አንዱን ብቻ ለማስቀረት ወሰንሁ። የቤት ስም የሚያስቸግር ነገር ነው። አንዲቱን ሴት እናቷ በአንድ ስም፣ ባሏ በሌላ፣ ሰፈሩ በቅጽል ይጠራታል፤ ትክክለኛው የቱ ነው? የክርስትና ስም ግን አንድ ነው፤ አይለዋወጥም፤ ፍትሐቱም የደረሰው በሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እያንዳንዱን ከቀሳውስቱ ጋር አመሳከርሁ። ከዚያም አንባቢ እንዲመቸው በሀ ሁ ተራ፣ ተመሳሳዮቹን ደግሞ በመዝገቡ ቅደም ተከተል ደረደርኋቸው። ከወሎ መጥተው በንግድና በጉልበት ሥራ ሲኖሩ የሞቱትን እስላሞች ግን የክርስትና ስም ስለሌላቸው ከነአባታቸውና ከነአገራቸው መጨረሻ ላይ ጻፍኋቸው። ስጨርስ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አንድም ስሕተት የለበትም። እስከ ዛሬም አንድ ስሕተት አላገኘሁበትም።

የታተመው ሲመጣ የአስመራው መኪና ወደ መቐለ ስለማይገባ ቁሓ ድረስ አህያ ይዤ ሄድሁ። ያገኘሁት መጽሐፍ ሳይሆን ያልተጠረዘ ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤቱ ካርቶን ስለሌለን ጥራዙን ራስሽ አስጨርሺ ብሎ ጽፏል። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ በጥጥ ፈትል ሰፋሁት። ለሽፋን ጠንካራ ነገር ሲቸግረኝ ዐይኔ መዝገቡ ላይ ዐረፈ። ረቂቅ ነው፤ ሥራውን ጨርሷል፤ ሁለት ዓይነት ዝርዝር በዓለም ላይ ቢኖር ደግሞ አንዱ ሌላውን ያሳስታል አልሁ። ገጾቹን ቆራረጥሁና ሦስት ሦስቱን በዱቄት ሙጫ እያጣበቅሁ በድንጋይ ተጭኜ አደረቅኋቸው። ላዩን በጨርቅ አለበስሁት። ያየው ሁሉ የአስመራ ጥራዝ መስሎት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ደጄ ተሰበሰበ። መጀመሪያ የገቡት አቶ እንድሪስ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ማር የሚነግዱ፣ ወንድማቸውን ተስቦው የወሰደባቸው ሰው። የኛን ፊደል አያነቡም። ጣታቸውን ይዤ አኖርሁላቸው።

«ሰይድ ዐሊ፣ ወረባቦ» ብዬ አነበብሁ።

«አገሩ ወረባቦም ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

ገጹን ሳሙት። «አላህ እድሜሽን ያርዝመው። እናቴ አገር ቤት ናት፤ ይዤላት እሄዳለሁ» ብለው መጽሐፉን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ።

ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ገቡ። ሁለቱም ወልደ ገብርኤል ይፈልጋሉ፤ አንዷ የባሏን፣ አንዷ የወንድሟን። አነበብሁላቸው፤ አምስት ወልደ ገብርኤል ተከታትሎ ቆሟል።

«የመጀመሪያው የኔ ነው» አለች አንዷ።

«ያንቺ የሆነው በምን? ባልሽ መቼ ነው ፊት ቀድሞ የሚያውቀው? ለሥራ ሲጠሩት እንኳ መጨረሻ ነው የሚመጣው!»

ሰው ሣቀ። ሴትዮዋም ልትሥቅ ጀምራ ነበር፤ መልሳ ወደኔ ዞረች። «እኮ ተናገሪያ፤ አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? የቱ ነው?»

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ወረቀቱን አገላበጥሁ። ወለተ ሥላሴ ስምንት፤ ገብረ መድኅን ስድስት፤ ኃይለ ማርያም ሰባት። በሀ ሁ ተራ፣ አንድ ዓይነት ስም ከአንድ ዓይነት ስም ጋር፣ እንደ ተቆለለ ጡብ።

አደይ አብረኸት ተራቸውን ጠብቀው ገቡ። ነጠላቸው ታጥቧል። ለዚያ ቀን ብለው እንዳጠቡት ገባኝ። አጠገቤ ተቀመጡና የቀኝ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

«ወለተ ማርያም ናት፤ አንብቢልኝ።»

«አደይ፣ ወለተ ማርያም ዐሥራ አንድ ናቸው።»

«እሺ። የኔዋ የትኛዋ ናት?»

«አላውቅም።»

ጣታቸው እንደተዘረጋ ቆየ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ብቻዋን ቀበሯት» አሉ ቀስ ብለው፤ «አሁን ደግሞ ከሰው መሐል ጠፋችብኝ።» መጽሐፉን መልሰው ጭኔ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

በነጋታው ቤት ለቤት እንደገና ዞርሁ። ግማሹ ቤት ተዘግቷል። ግማሹ ሌላ ሰው ገብቶበታል። የከፈቱልኝም፣ «አንዴ ነግረንሻል፤ ስንቴ ልታስለቅሺን ነው?» አሉኝ። አንዲት ሴት ከንፈሬን አይታ፣ «ያ ሁሉ ቀለም የት ገባ?» አለችኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ሽፋኑ ውስጥ ነው።

የቀሩኝን መጻሕፍት ሁሉ ሽፋናቸውን ገነጠልሁ። ጨርቁን ገፍፌ ለብ ያለ ውኃ በገበታ አቅርቤ ነከርኋቸው። ሙጫው እየለቀቀ ሲመጣ ወረቀቶቹን በጥፍሬ ለያየሁ። እርሳሱ ግን ውኃ ሲነካው የሚሟሟ እርሳስ ነበር። ከእያንዳንዱ ገጽ እንደ ጭስ የመሰለ ሐምራዊ ነገር ይወጣና ውኃው ላይ ይሰፋል። ለማንበብ ሳነሣው ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ሆኗል። ከላይ ጣሊያኖች ያሳተሙት ጽሑፍ ግን አንዲት ነጥብ አልጎደለችበትም፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። የመጋዘኑ ዕቃ ራስጌ ጽሑፍ ቀረ፤ የኛ ሰዎች ፈሰሱ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ያነበብሁት አንድ «ብ» እና ግማሽ «ት» ነው።

እጄ እስከ ክርኔ ሐምራዊ ሆነ። በአመድ ብፈትገው፣ በእንዶድ ብፈትገው አልለቅ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁት።

በሁለተኛው ሳምንት አደይ አብረኸት ቤት ሄድሁ። መጽሐፉን ይዤ ነው የሄድሁት። በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«ስሟን ስፈልግ ነው።»

«አገኘሽው?»

በሕይወቴ ሙሉ ያላረጋገጥሁትን ነገር ተናግሬ አላውቅም። «አገኘሁት» አልሁ። ጣታቸውን ያዝሁና ከላይ ሲቆጠር አራተኛዋ ወለተ ማርያም ላይ አኖርሁት። ለምን አራተኛዋ እንደሆነች ዛሬም አላውቅም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አንቺማ አትዋሺም» አሉኝ።

ከጎኗ የቤት ስሟን በእርሳስ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እምቢ አልሁ። ወረቀት ላይ መዋሸት አልቻልሁም። ጣት ደግሞ ምልክት አይተውም ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየሄድሁ ጣታቸውን አኖርላቸው ነበር። በኋላ ራሳቸው ለመዱት፤ ገጹን በቀኙ ጥግ እጥፋት ያውቁታል፤ ከላይ ወደ ታች በጥፍራቸው እየቆጠሩ አራተኛዋ ላይ ይቆማሉ። ያነጋግሯታል። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቀን እውነቱን ልነግራቸው ገባሁ፤ እሳቱን ቆስቁሼ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ከቀብር በኋላ የእኅታቸው ልጅ መጽሐፉን አምጥታ፣ «ላንቺ ይመለስ ብለዋል» አለችኝ። ሰው ሲሄድልኝ ገለጥሁት። ሦስተኛዋ ወለተ ማርያም አለች። አምስተኛዋ አለች። በመካከላቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው። ወረቀቱ ሳስቷል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ያሳልፋል። በጣታቸው ጨርሰዋታል። ምናልባት የሳቸው ልጅ ነበረች። ምናልባት የሌላ ሰው ልጅ ናት፤ እሷን የሚፈልግ ሰው ቢመጣ አሁን እንኳን የቤት ስሟን የክርስትና ስሟንም አያገኘውም። ይህን ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልጻፍሁም። መጽሐፍሽ እንዴት ሆነ የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ታትሞ አልቋል እላለሁ። እጄ ከነጻ ቆይቷል፤ የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ግን እስከ ዛሬ ሐምራዊ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሌላ ሰው አያየውም።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚያ መጽሐፍ መኖር የነበረበት አንድ መስመር ስላለ ነው። የአደይ አብረኸት ልጅ ምጽላል ትባል ነበር። ሹሩባዋን ያለ መስተዋት ራሷ ትሠራ ነበር፤ ቀጭን ድምፅ ነበራት፤ ስትሞት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

የቀሩትን ዐሥር ወለተ ማርያም ማን ብለው እንደሚጠሯቸው አላውቅም።