ኦስሎን በሙሉ ሰጠችኝ

ልጅ ሆኜ ትሮስተሩድ የሚባል የኦስሎ ሰፈር ስንኖር፣ የኖርዌይ ክረምት ቀኑን ገና በጊዜ በሚያጨልምበት ወቅት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና የአጎቴ ልጅ መክሊት ፎቁን ወጥተን የአባቶቻችን ታላቅ ወንድም ጋሼ ደምሴ ቤት እንሄድ ነበር። ጋሼ የሳሎኑን መብራት ያጠፋና መስኮቱ ላይ አንድ ሻማ ይለኩሳል። ሳምንቱን ትቬይታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሲያጸዳ ስለሚከርም እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ያ ሽታና የሻማው ጭስ ተቀላቅለው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አሉ። ያኔ ተረት ማለት ለእኔ ያ ሽታ ነበር። ቦታዬም የታወቀ ነው፤ ሶፋው ላይ በሻማው በኩል፣ ጋሼ ብብት ስር።

ታዲያ አንድ በጋ ጋሼ ስኮትላንድ የሚኖር የስደት ጓደኛውን ሊጠይቅ ሲነሳ መክሊትን ይዟት ሄደ። የእኔ እናት እረፍት ላይ ስለነበረች እኔ የሚጠብቀኝ ሰው አላጣሁም፤ የመክሊት ወላጆች ግን ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አስረድተውኛል፣ ገብቶኛልም። ግን አንጀቴ አረረ።

ሲመለሱ የጋሼ ተረት አገሩን ቀየረ። ጅቡና ቀበሮው ቀሩና ፒትሎክሪ የምትባል ትንሽ ከተማ መጣች፤ አንድ ዋና መንገድ ያላት፣ ቤቶቿ የግራጫ ድንጋይ፣ ዙሪያዋን ሐምራዊ አበባ የለበሰ ተራራ፣ ከተማዋን አለፍ ሲሉ ደግሞ በጎች እንደ ልባቸው መንገድ የሚዘጉበት ገጠር። ወንዟ ላይ ግድብ አለ፤ ከግድቡ ጎን ለዓሣ ተብሎ የተሠራ ደረጃ አለ፤ ዓሦቹ እየዘለሉ ይወጡበታል። ጋሼ ይህን ሲያወራ መሀል ላይ ቆም ይልና «አይደለም እንዴ፣ መክሊቴ?» ይላታል። እሷ ዓይኗን ሻማው ላይ ተክላ ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ አንዲት ቃል አትጨምርም። ያኔ ዝምታዋ ኩራት እየመሰለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። እኔን እኮ ሰናይት ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ሰናይቴ ብሎኝ አያውቅም።

ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ እንጫወታለን። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። እኛ ጎንደርንና ሐረርን በስም ብቻ ስለምናውቃቸው የምንሰጣጠው የኦስሎን ሰፈሮች፣ ትቬይታንና ፕሪንስዳልን ነበር። መክሊት ግን የቱንም ያህል ብትሸነፍ ፒትሎክሪን አውጥታ አታውቅም። ያቺን ከተማ ካልወሰድኩባት ሰላም የማገኝ አልመሰለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁሉ እንቆቅልሽ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ ጥሩ አገኘሁ።

«እንቆቅልሽ!» አልኳት።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲሞቅ ትለብሳለች፣ ሲበርድ ትራቆታለች።»

መክሊት የኮት መስቀያውን አየች፤ አሻንጉሊት አለች፣ ሻማ አለች። አላወቀችውም።

«አገር ስጪኝ! ፒትሎክሪን!»

«ኔይ፣ አልሰጥም» አለች። «ትሮስተሩድን ውሰጂ።»

«እዚያው ነው እኮ ያለሁት! አልፈልግም።»

«እሺ ኦስሎን በሙሉ ውሰጂ! ትራሙንም፣ ባሕሩንም፣ የንጉሡንም ቤት…» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ጋሼ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «በቃ፣ አገሩን የሚመርጠው ሰጪው ነው» ብሎ ፈረደ። እኔም እንደ ወጉ «ኦስሎ ገብቼ ምን አጥቼ» ብዬ፣ መልሱ ዛፍ መሆኑን በኩርፊያ ነገርኳት። ያን ሁሉ ከተማ ተሰጥቶኝ የተቀማሁ ያህል ተሰማኝ፤ ምክንያቱም ጋሼ እያባበለ ብብቱ ስር ያስገባት እሷን ነበር።

ጋሼ ካረፈ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ኅዳር ለሥራ ኤዲንብራ ሄጄ ሳለ፣ የእረፍቴን ቀን ጠብቄ ፒትሎክሪ የሚወስደውን ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱም አለ፣ ድንጋዩም አለ፣ በጎቹም አሉ። አበባው ረግፎ ተራራው ቡናማ ሆኗል። የዓሣው ደረጃ ላይ ውሃ ብቻ እየተንደቀደቀ ይወርዳል። ዝናቡ እስከ ሸሚዜ እስኪዘልቅ ጠበቅኩ፤ አንድም ዓሣ የለም። ብሽቅ ብዬ አሁን ፕሪንስዳል ለምትኖረው ለመክሊት ደወልኩላት።

«ያንቺ ከተማ ውስጥ ነኝ። የታሉ ዓሦቹ?»

«እኔ መች አየኋቸው» አለችኝ። «ፌበር ይዞኝ፣ በትኩሳት ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። የጓደኛው ሚስት ታስታምመኛለች፤ ጋሼ ከጓደኛው ጋር ዞሮ ዞሮ ጫማው በስብሶ ይመጣና፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ይነግረኛል። አንቺ ፊት ‹አይደለም እንዴ› የሚለኝ እንዳላፍር ብሎ ነው።»

«ታዲያ ያላየሽውን ከተማ ለምን ከለከልሽኝ?»

«ያኔ አልጋዬ ላይ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ነዋ።»

ስልኩን ዘግቼ ጣቢያው ውስጥ ባቡር ስጠብቅ፣ አሁንስ ቅናቱ ይወጣልኛል ብዬ ነበር። ተራራውን እኔ አይቻለሁ፣ እሷ አላየችም። ግን ጋሼን ሳስበው፣ እርጥብ ጫማውን አውልቆ፣ ሳሙና በሚሸተው እጁ ግንባሯን እየዳሰሰ፣ ለእሷ ለብቻዋ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ፣ ከልጅነቴም ይልቅ ያን ጊዜ ቀናሁ። ዛሬም መክሊትን በእንቆቅልሽ ባሸንፋት ፒትሎክሪን አልጠይቃትም። ያቺን አልጋ ስጪኝ ነው የምላት፣ ከነትኩሳቱ።