ጀርባ መስጠት የከበዳቸው ማኤስትሮ

የኦርኬስትራ መሪው ማኤስትሮ አንዱዓለም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከአንዱ አገር ኦፔራ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ከርመው ለጥቂት ሳምንታት ደብረ ታቦር የገቡት መምህራችን፣ ድንገት ታመው ባሕር ዳር ሆስፒታል ተወሰዱና በዚያው ቀሩ። ይህን ስጽፍ መቀመጥ አቅቶኝ ደጋግሜ እየተነሣሁ ነው። እርሳቸውስ ዝም ብለው መቀመጥ መቼ ያውቁ ነበር!

እኔ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ክረምት ወደ አገር ቤት ሲመጡ አስተማሪውን፣ ነርሷን፣ የባጃጅ ሾፌሩን ሰብስበው ባቋቋሙት ኮረስ ውስጥ እዘፍናለሁ። በዕድሜ ብዙ አንራራቅም፤ ሆኖም መምህሬ ናቸውና ጋሼ እያልኩ አንቱ እላቸው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ አንቱ ስትዪኝ ወገቤ የጎበጠ ይመስለኛል» እያሉ ይሥቁብኛል።

አባታቸው የአቋቋም መምህር የሆኑ መሪጌታ ናቸው። ልጃቸው ከበሮውንና ጸናጽሉን ተምሮ ወንበሬን ይወርሳል ብለው ሲጠብቁ፣ እርሳቸው አዲስ አበባ ሙዚቃ ሊማሩ ሄዱ፤ ከዚያም ጀርመን ተሻገሩ። ኦርኬስትራ መምራት ምን እንደሆነ ለመሪጌታ ሲነገራቸው፣ «ድምፅ ሳያወጣ የሚያዜም ሰው ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ። ያቺ ንግግር ከጋሽ አንዱዓለም ሆድ አልወጣችም። በየከተማው ቢጨበጨብላቸውም፣ የሚመኙት አባታቸው አንድ ቀን ሥራ ላይ እንዲያዩአቸው ነበር።

የመጀመሪያ ምሽታቸውን ያጫወቱን ራሳቸው ናቸው። ረዳት ሆነው በሚሠሩበት ኦፔራ ቤት ዋናው መሪ ታመሙና የመሪነት በትሯ ሳይታሰብ እርሳቸው እጅ ገባች። ወጥተው ሲያዩ ከፊት የተቀመጡት ተመልካቾች ሁሉ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሎችና ባልቴቶች ናቸው። የደብረ ታቦር ልጅ ለሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ እንዴት ይቁም? አልሆነላቸውም፤ በጎን ቆሙ።

«በግራ ያሉት ቫዮሊኖች ጀመሩ። በቀኝ ያሉት ቼሎዎች ግን እጄ ስላልታያቸው ጭጭ አሉ። 'አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ' ብዬ በአማርኛ አጉረመረምኩና ዞርኩ። ሙዚቃ የሆነው ከዚያ ወዲያ ነው» አሉን። ሁለተኛ የሚጠራቸው ሰው ያለ አልመሰላቸውም ነበር። ነገር ግን ተጠሩ፤ ፕራግም፣ ሚላኖም ተከተሉ።

ከየአየር ማረፊያው ይደውሉልኝ ነበር። «የት ነዎት?» ስላቸው፣ «ተዪው እሱን፤ ሴቶቹ ዛሬም ዜማውን ይጎትቱታል?» ይላሉ። እዚህ ሲመጡ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሩ እሸቴ ሥራ ይዞት ከዘገየ ልምምድ አይጀምሩም። በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ይጠብቁታል። አንዳንዶቻችን ስናጉረመርም፣ «እሱ ሳይኖር የምንዘፍነው የማንን ዜማ ነው?» ይሉናል። እሸቴ ሲደርስ ደግሞ እንደ ትልቅ እንግዳ ነበር የሚቀበሉት።

በዚህ ጉዟቸው ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ የኦፔራ ዜማዎች ልናቀርብ እየተዘጋጀን ነበር። መሪጌታን ሊጋብዙ ሄደው ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«ምን አሉዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም። እንቢ ቢሉኝ እኮ ይሻለኝ ነበር! እለምናቸው ነበር።»

በዚያው ሳምንት ታመሙ። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ሞት ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት?

ጋሽ አንዱዓለም፣ እንግዲህ ልሰናበትዎ ነው፤ አንጀቴ ግን አልቆረጠም። ዝግጅቱን አልተውነውም። እርስዎ ይቆሙበት በነበረው ቦታ የኮረሱ አባላት እኔን አቁመውኛል፤ ፈርቻለሁ። ትናንት ልምምድ ላይ ሳለን በሩ ተከፈተና መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። የተቀመጡት ሁሉ ብድግ አሉ።

«ልጄ የሚቆመው የት ላይ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

አሳየኋቸው። ወንበር ይዘው እኛ መካከል ተቀመጡና ወደዚያ ቦታ ማየት ጀመሩ። «በሉ ቀጥሉ» አሉንና ልምምዱን ቀጠልን። ጋሼ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን። አባትዎ ሊያዩዎት መጥተው ነበር።