ጥያቄውን ማን ሰጠህ?

አንድ ጥያቄ ጠይቄ ታሰርኩ። አልሰረቅሁም፣ ሰው አልመታሁም፣ ድንጋይ አልወረወርኩም። የመረጥናቸው የምክር ቤት አባል ፊት ቆሜ ጠየቅሁ፤ በሳምንቱ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ፌርማታው ላይ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ።

ስብሰባ ላይ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ጥያቄው ቀድሞ ይታደላል። የወረዳው ሰው ቤት ለቤት ይዞርና «አንተ ስለ ውሃ፣ አንቺ ስለ መብራት» ብሎ ይመድባል። እንግዳውም መልሱን ይዞ ይመጣል። ለእኔ የደረሰኝ የኮብልስቶን ጥያቄ ነበር። መዳቢው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አጠና ከምሸጥበት አጥር ጀርባ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የሰጡትን ብቻ ይናገራል ብሎ መረጠኝ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ማታ ማታ ተምሬ ማንበብ መጀመሬን አልሰማም።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«የውጭ አገር ጦር ዋና መምሪያውን እኛ አገር ሊያቋቁም ነው የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ምክር ቤቱ ውሉን አይቶታል? እርስዎስ እጅዎን ያወጡት ደግፈው ነው ተቃውመው? ወይስ እርስዎም እንደኛ ከጋዜጣ ነው የሰሙት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ያሳሰረኝ ሳቁ ይመስለኛል።

የገባሁባት ክፍል የሽንት ጀሪካንና የእርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። እግር የሚዘረጋው በተራ ነው። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ናት፣ አንድ ብሎኬት ብታክል ነው። በእሷ በኩል የታክሲ ረዳት ድምፅ ይገባል፦ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! አንድ ሰው!» ቀኑን ሙሉ ወደ ቤቴ ይጠራኛል።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ በስልክ ስርቆት የገባ ጎረምሳ ነበር።

«ፋዘር፣ በምን ገቡ?»

«በጥያቄ።»

«የጋብቻ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ኧረ ፋዘር! እኔ የነካሁት አንድ ስልክ ነው፤ እርስዎ ጦር ሠራዊት ነክተው ነው የመጡት!» አለና ግድግዳ የሚያስደግፍ ቦታ ለቀቀልኝ።

መርማሪው አንድም ቀን አልመታኝም። በአክብሮት ነው ያቃጠለኝ።

«አባቴ፣ የተሰጠዎት ስለ ኮብልስቶን ነበር። ማን ቀየረልዎት?»

«ማንም።»

«ይህ ከእርስዎ የሚወጣ ጥያቄ አይደለም። ያስጠናዎት ሰው አለ።»

በየቀኑ ይኸው ነው። በመጨረሻ መውጫውን አሳየኝ። «የወረዳው ልጅ ነው የሰጠኝ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

ማለት እችል ነበር። ፌርማታው ላይ በአገጩ የጠቆመኝ እሱ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለቤቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ በአጥሩ ቀዳዳ ጮኸችብኝ፦ «እሱ አሳስሮህ አንተ ትሸፍንለታለህ? አጠናውን ዝናብ በላው፣ ልጆቹ አንተን ይጠይቃሉ። ስሙን ስጥና ና!» ልክ ናት። ካቦውም «ፋዘር፣ ይሽጡት በቃ!» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ልናገር ቆርጬ ነው ወደ ምርመራ የወጣሁት።

ልጁን እዚያው አስቀምጠውታል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። መርማሪው ገና «ይኸ ነው?» ከማለቱ ልጁ ቀደመኝ።

«እኔ አይደለሁም! ሌላ ሰው ነው ያስጠናቸው። ጋሼ ይህን ከየት ያመጡታል? እሳቸው እኮ አጠና ሻጭ ናቸው!»

ያኔ ገባኝ። ስሙን ከሰጠሁ ጥያቄዬንም አብሬ መስጠቴ ነው። ከእኔ አይወጣም ያሉት መርማሪውም ልጁም ትክክል ይሆናሉ።

ከወንበሩ ተነሣሁ።

«ይቀመጡ» አለ መርማሪው።

«ስጠይቅም ቆሜ ነው። ጻፍ። ጥያቄው የኔ ነው። ጋዜጣውን ራሴ ገዛሁ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ ራሴ አነበብኩ። ይህ ልጅ የሰጠኝ ኮብልስቶን ነው።» ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ያልኩትን አንድም ቃል ሳልቀንስ ደገምኩለት።

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ልጁን የዚያኑ ቀን ለቀቁት። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

«ለሱ አዝነው ነው?» አለ ካቦው።

«ለሱ? ገደል ይግባ።»

ካቦው ጉልበቱን ሰበሰበና ያለ ተራዬ እግሬን አስዘረጋኝ።

ኋላ በዋስ ተፈታሁ፤ አሁንም አጠና እሸጣለሁ። ልጁም ጥያቄ ያድላል፤ የእኔን በር ግን ዘሎ ያልፋል። ሰላም ሲለኝ አልመልስለትም። ቴሌቪዥን ላይ ምክር ቤቱ እጅ ሲያወጣ ጠጋ ብዬ የእኝያን የጠየቅኋቸውን ሰው ፊት እፈልጋለሁ። ለብዙ ነገር እጃቸውን ሲያወጡ አይቻለሁ። ለዚያ የጦር ጉዳይ ሲያወጡ አላየሁም፤ ተመልሰው መጥተውም መልስ አልሰጡኝም። የእኔን ጉዳይ ግን ፖሊሶቹ ጨርሰውታል። ከተፈታሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጠርተው «መዝገብዎ ተዘግቷል» አሉኝ።